በሁዳዴ የጋገርኩት የፒካን ብስኩት

እማማን ከቤታቸው አላስወጣም ብዬ ቃል የገባሁት በገዛ አፌ ነው። ማንም አላስገደደኝም። ደህናውን እጃቸውን ሰደው የእጄን አንጓ ያዙኝና «ከቤቴ... አታስወጪኝ» አሉ፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ «እኔ ቆሜ? አይሞከርም!» አልኩ። ምነው ያን ዕለት ምላሴ በተሳሰረ።

ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፣ ኦክላንድ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እኚህን ሰማንያ ያለፋቸውን የቴክሳስ ተወላጅ በቤታቸው እንከባከብ ነበር። ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ደክሟል፤ ንግግራቸውም አንድ ሁለት ቃል እየሆነ ነው የሚወጣው። ሰፈሩ ሁሉ «ማማ» ይላቸዋል፣ እኔ ደግሞ እማማ እላቸዋለሁ። እሳቸው እኔን «ቤቢ» ይሉኛል። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር፣ ቤቢ! አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ሳን ሆዜ የሚኖር፣ ኮምፒውተር ካምፓኒ ውስጥ የሚሠራ፣ ሃምሳ የሚጠጋው ሰውዬ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ጨንቆታል። አንድ ቀን ኪችን ውስጥ አቁሞኝ ቁርጡን ነገረኝ። «ክብደቷ ከዘጠና ፓውንድ ከወረደ እኔ ሰፈር ያለ ነርሲንግ ሆም አስገባታለሁ። ኦክላንድና ሳን ሆዜ እየተመላለስኩ ልሞት ነው።» እማማ ሳሎን ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ጆሯቸው ምንም አልሆነም። አንጓዬን የያዙኝ ሰውዬው መኪናውን አስነስቶ እንደሄደ ነው።

ችግሩ እማማ አይበሉም። መድኃኒቱ ነው፣ ስትሮኩ ነው፣ እርጅናው ነው፣ እንጃ። ሥጋ ሳቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ሾርባ ሳቀርብ ሁለት ማንኪያ ይወስዱና አፋቸውን ግጥም ያደርጋሉ። ደስ ብሏቸው የሚበሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፒካን ሾርትብሬድ። ሐኪሙም «ቅቤ ይሁን ስኳር ይሁን ግድ የለም፣ ብቻ ይብሉ» ብሎ ፈቅዷል።

ሾርትብሬድ ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር ነው። እንቁላል የለበት፣ እርሾ የለበት። ቅቤው ስለሚበዛ አፍ ውስጥ ፍርክስክስ ይላል፤ መጀመሪያ ስቀምሰው ጭኮ ነው ያስታወሰኝ። ፒካን ደግሞ ቡናማ፣ ሽንሽን ያለ፣ ከኦቾሎኒ ይልቅ ቅባት የሚበዛው ፍሬ ነው፤ ዛፉ በእማማ አገር ወንዝ ለወንዝ ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ታሪኩን ግማሹን ከልጃቸው ሰማሁ፣ ግማሹን እሳቸው በቃል በቃል ቆርሰው ሲሰጡኝ ገጣጠምኩት። እናታቸው የነጮች ቤት ምግብ አብሳይ ነበሩ። የቤቱ እመቤት ዘሯ ከስኮትላንድ ነው፤ ብስኩቱን እንደ አገሯ ባዶውን ታስጋግራለች። የእማማ እናት አይተው ተማሩና ማታ ቤታቸው ሲገቡ ከጓሯቸው ዛፍ የረገፈውን ፒካን ሸክሽከው ጨመሩበት። እመቤቲቱ ቤት የሌለ ብስኩት ሆነ! እማማና ወንድሞቻቸው ጣታቸው በቅርፊቱ እስኪጠቁር ይለቅሙ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባላቸው መርከብ መሥሪያ ሥራ አገኙና ወደ ካሊፎርኒያ መጡ፤ እማማም ከባቡር ሲወርዱ በእጃቸው የያዙት አንድ ጆንያ ፒካን ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የወንድማቸው ልጅ ከዚያው ዛፍ ይልክላቸዋል። «የሱቅ ፒካን ለእናቴ እንዳታቀርቢ፣ ዕንጨት ነው ብላ ነው የምትወረውረው» ብሎኛል ልጃቸው። እኔም ይህችን ነገር እንደ ትእዛዝ ያዝኩ።

የመጀመሪያው መከር እንዴት ደስ ይል ነበር! ወንበር ስቤ እማማን ኪችን አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው በጣታቸው ያስተዳድሩኛል። ቅቤው ሲለሰልስልኝ ጣታቸው ወደ ላይ፣ ዱቄቱ ሲበቃ መዳፋቸው ወደ ፊት። ኪችን ውስጥ የሚያዘኝ ሰው አልወድም፣ እኅቴ ትመስክር፣ ለሳቸው ግን ተገዛሁ። ብስኩቱ ከኦቨን ወጥቶ በረድ ሲል አንዱን አንስተው ለሁለት ይሰብሩና ግማሹን እኔ አፍ ውስጥ ይከቱታል። ጉርሻ ማን አስተማራቸው? እኔ ስበላ ፊቴን ያያሉ፣ ከዚያ የራሳቸውን ይበላሉ። በቀን አምስት፣ ስድስት፣ ከወተት ጋር። ሚዛኑ ወደ ላይ ወጣ፣ ዘጠና ስድስት ገቡ። ልጃቸው «ምን እያደረግሽላት ነው?» ብሎ አቀፈኝ። እኔም ተኮፈስኩ።

የካቲት ሲጋመስ ፒካኑ አለቀ። ያን ዓመት ደግሞ የሚልክ የለም፤ የወንድማቸው ልጅ ሞቷል። እማማ ባዶውን ብስኩት አሽትተው መለሱልኝ፣ ሚዛኑም መውረድ ጀመረ። አንድ ቀን ጋራዡን ሳገላብጥ፣ ከውኃ ማሞቂያው ጎን፣ አሮጌ ብርድ ልብስ የተደረበባቸው ሦስት ትልልቅ የቡና ቆርቆሮዎች አገኘሁ። ከፈትኳቸው። የተፈለፈለ ፒካን፣ እስከ አፋቸው ድረስ ሙሉ! ክዳናቸው ላይ እማማ በደህና ጊዜያቸው በእጃቸው የጻፉት የመንደራቸው ስም አለ። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ሁዳዴ የገባ ሳምንት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የእኛ አገር ሴት በጾም የፍስክ ወጥ ስትሠራ አትቀምስም። የፋሲካን ዶሮ ወጥ የምትሠራ ሴት ጨዉን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ድስቱን ገለጥ፣ እንፋሎቱን ሳብ ታደርግና «ያንሰዋል» ትላለች፤ ያንሰዋል ካለች ያንሰዋል። በዚህ እኔ ስም ያለኝ ነኝ። ኤል ሴሪቶ ያሉት ዘመዶቻችን እንኳ «ነይ እስቲ አሽትቺልን» እያሉ በፋሲካ ዋዜማ መኪና ይልኩልኛል። ጾሜ ደግሞ በዚያ ዓመት የእልኽ ነበር። ከዚህ በፊት ሆቴል ሳጸዳ ሁለት ሁዳዴ በላሁ፣ ሲያንገበግበኝ ኖረ፤ ዘንድሮ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። ቅቤ የምላሴን ጫፍ አይነካም! ስለዚህ የእማማን ብስኩት በአፍንጫዬ ጋገርኩ። ፒካኑን አየሁት፤ ሻጋታ የለው፣ ትል የለው። ኦቨን ሲገባ የቅቤውና የቫኒላው ሽታ ቤቱን ሞላው። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል?

እማማ ነከሱ። ማኘክ አቆሙ። ናፕኪኑን አፋቸው ላይ ይዘው ተፉትና «ይመራል» አሉ።

ወዲያው የሐኪሙን ነርስ ኮል አደረግኩ። «አዲሱ የልብ መድኃኒት ነው፣ አፍ መራራ ያደርጋል፣ ሁሉም እንዲህ ይላሉ» አለችኝ። ሐኪሙም ያንኑ ደገመ፣ ልጃቸውም። የተበላሸው የእማማ አፍ ነው ብለን ተስማማን። እሳቸው ብቻ አልተስማሙም። በማግስቱ እንደገና ጋገርኩ፣ ስኳር ጨመርኩበት። «ይመራል።» ጨው ጣል አደረግኩበት። «ይመራል።» ኦቨኑን ቀነስኩ፣ ቅቤውን ቀየርኩ፣ ፒካኑን ለብቻው ቆላሁት፣ በጣም ደቆስኩት። እያንዳንዱን ሳወጣ አሸተዋለሁ፣ ልክ ነው፣ አቀርባለሁ፣ ይመራል። በጠዋት ተነስቼ አውቶቡስ ላይ የማስበው ስለ ዱቄት ነው፣ ቅዳሴ ላይ የማስበው ስለ ዱቄት ነው። እኅቴ «አብደሻል፣ ሌላ ነገር ስጫቸው በቃ» ስትለኝ ጮኽኩባት። ሌላ ነገር ያልሞከርኩ መስሏት! ሙዝ ደቁሼ፣ እንቁላል በጥብጬ፣ አጃ በወተት አፍልቼ። አፋቸውን ግጥም።

እማማም ተስፋ አልቆረጡም ነበር። ብስኩቱን እንደ በፊቱ ለሁለት ይሰብሩና በደህናው እጃቸው ወደ አፌ ያመጡታል። «ብዪ።» እኔ ፊቴን ዞር አደርጋለሁ። «ጾም ነው እማማ፣ ከፋሲካ በኋላ እበላለሁ።» «ስንት ቀን?» አሉኝ አንድ ጊዜ። «ሃምሳ አምስት» ስላቸው ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የምስር ወጤንና እንጀራዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ምን አለበት? የጾም ምግብ ነው።

ሕማማት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሚዛኑ ዘጠና አንድ አለኝ። ያን ቀን ብስኩቱን ሲተፉት ውስጤ ያለው ሁሉ ፈነዳ። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ጓ አደረግኩትና «ሆን ብለው ነው እንዴ? ከዚህ ቤት መውጣት አማርዎት? ይንገሩኛ! እኔን ለምን ያቃጥሉኛል?» ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ ነው የጮኽኩት። እማማ ቃሉ አልገባቸውም፣ ድምፁ ግን ገብቷቸዋል። አዩኝና ብርድ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ሲመሽ እግራቸውን ሳጥብ ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

የሕማማት ሰኞ ልጃቸው ራሱ ሊመዝናቸው መጣ። ጠዋት ብቻዬን መዝኛቸው ነበር፤ ሰማንያ ስምንት። ምን ላድርግ? ሁለት የባቄላ ቆርቆሮ አንስቼ የሌሊት ካባቸው ኪስ ውስጥ ከተትኩ፣ አንድ በግራ አንድ በቀኝ። እማማ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ደግፌ ሚዛኑ ላይ አቆምኳቸው። ዘጠና! ልጃቸው ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ የተንዠረገገውን ኪስ አየ። እጁን ሰዶ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ አወጣ። ይሰድበኛል፣ ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እኔ የማልፈልጋት ይመስልሻል?» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት መጥቶ ወሰዳቸው። መኪናው ውስጥ ሳስገባቸው፣ ቀበቶውን ሳስርላቸው፣ «እማማ፣ እመጣለሁ፣ እምላለሁ እመጣለሁ» እያልኩ ነው። እሳቸው በፊት ለፊቱ መስታወት መንገዱን ያያሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩልኝም። ቃሌን በላሁ።

ረቡዕ ዕለት የጋገርኩትን ብስኩት ቤቴ ወሰድኩት፣ መጣሉ ከበደኝ። እሑድ፣ ፋሲካ፣ ምሳ ከበላን በኋላ እኅቴ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ አንድ አነሳች። ነከሰች። ወዲያው ወደ ሲንኩ ሮጣ ተፋችው።

«ኧረ በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ? የከረመ የኑግ ዘይት ነው እንዴ የጨመርሽበት?»

ነጥቄያት ነከስኩ። መጀመሪያ ቅቤው መጣ፣ ቀጥሎ ስኳሩ፤ ከዚያ ከጉሮሮዬ ሥር መራራ ነገር፣ እንደ ቀለም፣ እንደ አሮጌ ዘይት። የፒካኑ ቅባት ተበላሽቷል። ስንት ዓመት እንደ ከረመ እንጃ፣ በዚያ በውኃ ማሞቂያው ሙቀት! አፍንጫዬ ቅቤና ቫኒላውን አልፎ ሊደርስበት አልቻለም። ለካ የእማማ አፍ ደህና ነበር። ከሐኪሙም፣ ከነርሷም፣ ከእኔም ልክ የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያን ሁሉ ቀን «ይመራል» ሲሉኝ እየመረረ ነው። «ብዪ» ሲሉኝ ቀምሼ ቢሆን ኖሮ፣ አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ፍርፋሪ! እሪ ልል ቃጣኝ። እኅቴ ልታባብለኝ ስትመጣ ገፋኋት።

ለንስሐ አባቴ ደወልኩላቸው። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሰሙና «ልጄ፣ ለበሽተኛ የሚቀርብ ምግብ ነው፤ ቀምሰሽ ብትተፊው ማን ይከለክልሽ ነበር? ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉኝ። ለምን አልጠየቅኳቸውም? ልጠይቅ ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ጾሜን ያሳመርኩ መስሎኝ ስኩራራ ነበራ።

ሰኞ ጠዋት ለልጃቸው ስልክ ደወልኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። «አፋቸው አይደለም፣ እኔ ነኝ። የተበላሸ ፒካን ሳበላቸው ከርሜ ነው። እባክህ መልሳቸው፣ በነፃ ልሥራ፣ በሁለት ወር ውስጥ መቶ ፓውንድ አስገባቸዋለሁ።» «ብስኩቱ ብቻ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «እኔም ደክሞኝ ነበር። ቤቱን የሚከራዩ ሰዎች አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ከቸርቿ ሰዎች ጋር ዕቃውን አወጣን።» «ልብሳቸውንስ? ካፖርታቸውንስ?» አልኩ። «እሱንም ሰጠን። እዚያ ብዙ ልብስ አያስፈልጋትም» አለ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ሱቅ ሄጄ ያ ዕንጨት የተባለውን ፒካን ገዛሁ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩትና አንዱን አኘክሁ፣ ሁለተኛውን አኘክሁ። ዱቄቱን ቀመስኩ፣ ቅቤውን ቀመስኩ፣ ሊጡን ቀመስኩ። የመጀመሪያውን ብስኩት ቆሜ ጨረስኩት። ማክሰኞ የባርት ባቡር ይዤ መጨረሻው ጣቢያ ፍሪሞንት ወረድኩ፣ ከዚያ የሳን ሆዜ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ብስኩቱን ጭኔ ላይ አድርጌ።

እማማ መስኮት አጠገብ አልጋ ላይ ነበሩ። በአምስት ቀን እንዲህ ሰው ያልቃል? የአንገታቸው ሥር ገብቷል። አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፣ አንዱን ብስኩት አወጣሁ፣ ለሁለት ሰበርኩ። ግማሹን በላሁ። ማኘኬን ሰምተው ዞሩ። አፌን አዩ፣ ጉሮሮዬን አዩ፣ እስክውጥ ጠበቁ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

ነከሱ። አኘኩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ፒካኑ ተበላሽቶ ነበር፣ እማማ። አላወቅኩም። ስላልቀመስኩት አላወቅኩም። ማርያምን አላወቅኩም» አልኩ። እሳቸው መጀመሪያ እኔን ጠቆሙ፣ ቀጥሎ ኮሜዲኖው ላይ ያለውን የልጃቸውን ፎቶ ጠቆሙ፣ ከዚያ ሁለት ጣቶቻቸውን አጣበቁ።

«አንቺና እሱ... መሰለኝ» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «የራስሽን... ትበያለሽ። የኔን... እምቢ።»

ያን ሁሉ ሳምንት እኔ ለሳቸው ስጨነቅ፣ እሳቸው ከልጃቸው ጋር ተማክሬ ከቤታቸው ላስወጣቸው የሚመር ነገር የማቀርብላቸው መስሏቸው ነበር። ለእሳቸው ጾም ማለት ምንም አለመብላት ነው፤ እኔ ግን ፊታቸው ቁጭ ብዬ ምስር ወጤን ስበላ፣ ብስኩታቸውን ብቻ እንቢ ስል ያያሉ። ሌላ ምን ሊያስቡ ይችላሉ? ጮኼባቸዋለሁ፣ ኪሳቸው ውስጥ ቆርቆሮ ከትቻለሁ። እንዲህ እያሰቡም በየቀኑ ብስኩቱን እየሰበሩ ወደ አፌ ያመጡት ነበር። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፀጉሬን በደህናው እጃቸው እያሻሹ «ኦኬ፣ ቤቢ። ኦኬ» አሉኝ።

ሦስት ብስኩት በሉ። አራተኛውን ግማሽ አደረሱት። የመጦሪያው ነርስ በበሩ ብቅ ብላ አይታ፣ ገርሟት ሄደች። እማማ ፍርፋሪውን ከደረታቸው አራገፉና ብርድ ልብሱን ገፈፉ፤ ደህናውን እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ፣ የደከመውን በእጃቸው አንስተው አጠገቡ አስቀመጡት። ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ፊታቸው በርቷል።

«ካፖርቴስ?» አሉኝ።

«መኪናው ውስጥ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። የመጣሁት በአውቶቡስ ነበር።